መብራቱ በራ፤ ቤቱስ ተጠገነ?

ሶኬት ሲቃጠል፣ ብሬከር አልያዝ ሲል ወይም የግቢ በር ካሜራ ድንገት ሲጨልም በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ይሥራው? አንዱ ካቻቢቴና ናስትሮ ይዞ ራሱ ወንበር ላይ ይወጣል። ሌላው እጀ ወርቅ የሚባለውን የሰፈር ልጅ ያስጠራል። ሦስተኛው የኤሌክትሪሺያን ስልክ ከጎረቤት ይቀበላል፤ የመጣው ሰው የት እንደተማረ ግን አይጠይቅም። ሦስቱም መብራቱን መልሰው ሊያበሩት ይችላሉ። የሚያሳስበኝ መብራቱ ከበራ በኋላ ግድግዳው ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ክርክር ሲነሣ ሥራው «ቀላል ነው፣ ከባድ ነው» በሚል ይመዘናል። ይህ ሚዛን ያሳስታል። ሶኬት መቀየር ቀላል ነው፤ ሽቦው በደንብ ካልጠበቀ ግን ከወራት በኋላ ቤት ያቃጥላል። የካሜራ መቅጃ ማስተካከል ራስ ያዞራል፤ ቢሳሳቱት ግን ማንም አይሞትም፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ እንደገና ይሞከራል። ስለዚህ የቤት ጥገናን በሁለት የምከፍለው በሌላ መለኪያ ነው። ስህተቱ ወዲያው ራሱን ያሳያል ወይስ ሁሉም ነገር ደኅና እየሠራ ተደብቆ ይቀመጣል? የመጀመሪያውን ዓይነት ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ሁለተኛው መለኪያ መሣሪያ ያለውና መሣሪያው የሚነግረውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ይህን መስመር የሚያሰምሩበት ቦታ በጣም ይለያያል። በአውስትራሊያ ፈቃድ የሌለው ሰው በገዛ ቤቱ ሶኬት እንኳ መቀየር አይፈቀድለትም። ጎረቤቷ ኒውዚላንድ ግን በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ እንዲቀይር ትፈቅዳለች፤ አዲስ መስመር ከዘረጋም ኃይል ከመለቀቁ በፊት ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ እንዲፈትሸው ታስገድዳለች። እንግሊዝ ከጥር 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የግንባታ ደንብ የተበላሸን ሶኬት መተካት ለባለቤቱ ትታ፣ አዲስ መስመር መዘርጋትን፣ የብሬከር ሳጥን መቀየርንና በመታጠቢያ አካባቢ የሚሠራን ሥራ በባለሙያ ወይም በምዝገባ ሥር አድርጋለች። በአሜሪካ ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ባለቤቱ ፈቃድ አውጥቶ ራሱ መሥራት ይችላል፤ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ግን የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። የኒውዚላንዱ አካሄድ ለእኔ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሰውዬውን ከመከልከል ይልቅ የተደበቀውን ስህተት የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ያስቀምጣል።

በኢትዮጵያም ወረቀቱ አለ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃዎች አሥረኛው ክፍል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን ይመለከታል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ችግሩ ቤቱን ከተረከቡ በኋላ ይጀምራል። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት እስከ ቆጣሪው ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ማጠናቀቂያው ለባለዕጣው ተትቶ ነው የሚሰጠው። ባለቤቱ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ጂፕሰም ያሠራል፣ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሶኬቱን ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ያዞራል። ሁሉም በየራሱ ሠራተኛ ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ መጥቶ የሚለካ የለም።

ከተደበቁት ስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ያልጠበቀ ሽቦ ነው። በዜና «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት የተነሣ ቃጠሎ» ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ሽቦ ተነካክቶ ብልጭ ያለ ይመስለዋል። እንዲያ ያለውን ግን ብሬከር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠዋል። ብሬከር የማያየው ሌላ ነገር ነው። 16 አምፒር የሚያልፍበት የሶኬት መጋጠሚያ ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር፣ በዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 128 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ ሁለት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖሎች የሚሰጡት ሙቀት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ፣ ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ። የሚያልፈው ኃይል ከልኩ ስላልበዛ ብሬከሩ አይወርድም። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ይመጣል፤ ሽታውን ተከትሎ ያላጠፋው ሰው እሳቱን ያያል።

ስለዚህ ሶኬት ሲቃጠል የሚበዛው ልማድ፣ ማለትም ሶኬቱን ብቻ መቀየር፣ ግማሽ ሥራ ነው። የሽቦው ጫፍም በሙቀት ጠቁሮና ደርቆ ስለሚሆን እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ተቆርጦ እንደገና መላጥ አለበት። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በየቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ናስትሮ ግን የሚከልለው እጅን ነው፤ ሽቦውን አያጠብቅም። ጣሪያ ሥር ባለ ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል። በማጥበቂያ ብሎን የሚሠራ ትንሽ ማያያዣ በኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ሁሉ አለ፤ ዋጋውም ከአምፖል አይበልጥም።

ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ሲጠማዘዙ እርጥበት ባገኙ ቁጥር መጋጠሚያው ይበላል፣ ይሞቃል። አሜሪካኖች ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል። የመዳብ ዋጋ በናረበት ከ1965 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብዙ ቤቶችን በአሉሚኒየም ሽቦ ሠሩ፤ በኋላ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽናቸው ባቀረበው ጥናት፣ ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም በተዘረጉ ቤቶች ቢያንስ አንድ የሶኬት መጋጠሚያ ለእሳት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ የመድረስ ዕድሉ በመዳብ ከተዘረጉት 55 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ። ይህ ቦታ ግን ከቆጣሪው በፊት ስለሆነ የቤቱ ባለቤት እጅ አይገባበትም፤ ወደ 905 ደውሎ ማስመዝገብ ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፒር ያህል ነው፤ አንድ ተራ የሶኬት መስመር ሙሉ በሙሉ የሚችለውን ማለት ነው። ከጎኑ ምድጃ ተለኩሶ፣ ሁለቱም በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ብሬከሩ ሲወርድ፣ ብሬከሩ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። በብዙ ቤት የሚወሰደው «መፍትሔ» ግን ባለ 16ቱን አውጥቶ ባለ 32 መግጠም ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ምጣዱም ምድጃውም ይግላል፣ ብሬከሩም አይወርድም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን አልተቀየረም። ጠባቂው ሽቦውን መጠበቅ ትቷል፤ ከልክ በላይ ሲጫን የሚቀልጠው የሽቦው ልባስ ሆኗል። በቤት ውስጥ ከሚሠሩ ጥገናዎች ሁሉ አንድ ብቻ እንድከለክል ቢፈቀድልኝ የምከለክለው ይህን ነው። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው። ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፒር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 ጋር፣ ለምጣድና ለውኃ ማሞቂያ ደግሞ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ተስቦ የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

የምጣዱ የራሱ ጥገናም አለ። ከሸክላው በታች በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ሲበጠስ፣ ጄሶውን ፈልፍሎ፣ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ፣ ሁለቱን ጫፎች ማጠማዘዝ የተለመደ ነው። ምጣዱ ከበፊቱ የበለጠ ይግላል፤ ባለቤቷም ደስ ይላታል። ምክንያቱ ሽቦው ማጠሩ ነው። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል፤ ሶኬቱና ገመዱ ግን የድሮዎቹ ናቸው። የተጠማዘዘውም ቦታ ከሌላው ይልቅ ስለሚግል በቅርቡ እዚያው ይበጠሳል። ልኩን የጠበቀ አዲስ ሽቦ መግዛት ይሻላል። በተጨማሪም እርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሊጥ የፈሰሰበት ምጣድ ቆርቆሮው የሚነዝረው ለዚህ ነው። ጋጋሪዋ በባዶ እግሯ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆመች ያ ንዝረት ወደ ልቧ የሚሄድበት መንገድ ክፍት ነው።

ስለ ንዝረት ትንሽ ልቆይ፤ በየቤቱ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋልና። «ፍሪጁ ትንሽ ይነዝራል» ይባልና ከፊቱ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል መኖሩ የሚሰማው ከ1 ሚሊ አምፒር ገደማ ጀምሮ ነው። ወደ 10 ሲደርስ ጡንቻ ይጨብጥና የያዙትን መልቀቅ ያስቸግራል። ከ50 ካለፈ ልብ ምቱን ሊስት ይችላል። ባለ 16 አምፒር ብሬከር ደግሞ 16,000 ሚሊ አምፒር እስኪያልፍ ምንም አይሰማውም። ብሬከር የተሠራው ለሽቦ ነው፤ ሰውን የሚያድነው ሌላ ዕቃ ነው። እሱም አርሲዲ የሚባለው፣ በፌዝ የሄደው ኃይል በኒውትራል ሙሉ በሙሉ መመለሱን እየመዘነ፣ 30 ሚሊ አምፒር ሲጎድልበት ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚቆርጠው ነው። 30 ሚሊ አምፒር ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚወስደው አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። ግራውንድ በሌለው የድሮ ጭቃ ቤት እንኳ ሰው ሲያዝ ይቆርጣል። በፊቱ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ቁልፍ አለው፤ ስትጫኑት ካልወረደ ሞቷል። ይህን ቁልፍ በየጥቂት ወሩ መጫን ከማንኛውም ሰው እጅ የማያልፍ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት ግን ሳጥኑ ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

አርሲዲ በተገጠመበት ቤት የሚፈጸም አንድ ስህተት አለ። ዝናብ ሲዘንብ ወይም የውኃ ማሞቂያው ሲለኮስ እየወረደ ሲያስቸግር፣ የመጣው ሰው አልፎት ሽቦውን በቀጥታ ያገናኘዋል። ሁሉም ይሠራል። በየጊዜው መውረዱ ግን የሆነ ቦታ ኃይል እየፈሰሰ መሆኑን ሲናገር ነበር። የትኛው መስመር እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ነቅሎ አንድ በአንድ መልሶ መሰካት ይረዳል፤ በአብዛኛው ጥፋተኛው የውኃ ማሞቂያው፣ ምጣዱ ወይም ውጭ ዝናብ የሚመታው መብራት ነው።

ኒውትራል ላይ የሚሠሩ ስህተቶችም በደንብ የተደበቁ ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያው በፌዝ ፈንታ ኒውትራሉን እንዲቆርጥ ከተደረገ አምፖሉ እንደወትሮው ይበራል፣ ይጠፋል። ጠፍቶ ሳለ ግን መያዣው ውስጥ 220 ቮልት አለ፤ «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ አምፖል ሊቀይር የወጣውን ሰው ይይዘዋል። ኤልኢዲ አምፖል ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ብሎ የሚቆይ ከሆነ ይህን መጠርጠር ጥሩ ነው፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል በቴስተር ይረጋገጣል። ቴስተር በሶኬቱ በሁለቱም ቀዳዳ ላይ ሲበራ ደግሞ ብዙ ሰው «ሁለት ፌዝ ገባበት» ይላል። በአብዛኛው የሆነው ኒውትራሉ ከኋላ ተበጥሶ፣ ፌዙ በተሰካ ዕቃ ውስጥ አልፎ መምጣቱ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የሰፈሩ ኒውትራል ሲበጠስ ነው። የእኛ መስመር በሦስት ፌዝና በአንድ ኒውትራል የሚከፋፈል ነው፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲበጠስ አንዱ ቤት መብራቱ ይደክማል፣ የጎረቤቱ ደግሞ ቦግ ይላል፤ ቮልቱ ወደ 380 እየተጠጋ ነው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃዎች ውስጥ የሚቃጠሉት ያኔ ነው። መብራት ያለ ልማዱ ሲደምቅ ቆሞ መገረም አያስፈልግም፤ ዋናውን ብሬከር ማውረድ፣ ጎረቤትን መጥራት፣ ከዚያ 905 መደወል ነው።

ብዙ ሰው ዛሬ የሚማረው ከቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ማየት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም ከባዶ እጅ አውጥቷል። አንድ አደጋ ግን አለበት፤ አስተማሪው ያለው በሌላ አገር ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሽቦ ፌዝ ነው፣ ነጩ ኒውትራል። በቀድሞው የእንግሊዝ አሠራር ጥቁሩ ኒውትራል፣ ቀዩ ፌዝ ነበር። አሁን በአውሮፓ ቡኒው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሳጥን ሦስቱም ልማዶች አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሠራተኛው በዕለቱ ያገኘውን ቀለም የሳበበትም አለ። ስለዚህ ቀለም ጥቆማ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው መለኪያው ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ በሻንጣ የመጣ ቡና መፍጫ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት፣ የሶኬቱ ቅርጽ በአዳፕተር መገጣጠሙ ምንም አይጠቅመውም፤ አዳፕተር ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚል ችግር የለበትም። ከዱባይና ከኳታር የሚመጣው ደግሞ ቮልቱ ይስማማል፤ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው መሰኪያው ግን የእኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ያ መሰኪያ ውስጡ የራሱ ፊውዝ አለው። ቆርጠው ባለ ሁለት እግር ሲገጥሙለት ፊውዙም ግራውንዱም አብረው ይቀራሉ፤ ዕቃው ይሠራል፣ ማንም ምንም አያስተውልም። ግራውንድ ያለው ክብ መሰኪያ መግዛትና ሦስቱንም ሽቦ ማሰር ነው ትክክለኛው።

የጥበቃ ዕቃዎችን ስናይ ነገሩ ይቀላል፤ እዚህ የቤቱ ባለቤት በድፍረት እጁን ቢያስገባ ደስ ይለኛል። ካሜራ፣ የሌባ ደወል፣ የበር ኢንተርኮም በአብዛኛው የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ከአዳፕተሩ ወዲህ ያለው ሽቦ ሰው አይገድልም፤ ከአዳፕተሩ ወዲያ ያለው 220 ግን ከላይ ለተነገረው ሁሉ ይገዛል።

ለጀማሪ ባለቤት ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚጠቅመው፣ ቀን ቀን ደኅና ሆኖ ማታ የሚጠፋ ካሜራ በአብዛኛው አለመበላሸቱን ነው። ሲጨልም ለዓይን የማይታዩት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ይበራሉና የሚፈልገው ኃይል ይጨምራል። አዳፕተሩ ከደከመ ወይም ቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ከተሳበ 12 የተባለው ቮልት ካሜራው ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ ካሜራውም ይጠፋል፣ ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ማታ ካሜራው ጫፍ ላይ ቮልቱን መለካት ነገሩን ይፈታዋል። ብዙ ካሜራ በዚህ ምክንያት «ሞቷል» ተብሎ ተጥሏል። ምስሉ ማታ ላይ ነጭ ጭጋግ ከለበሰ ደግሞ መጀመሪያ የሸረሪት ድርንና አቧራን ማየት ነው።

ደወሉ ያለ ምክንያት ሲጮህ የሚወቀሰው መሣሪያው ነው። እንቅስቃሴ ጠቋሚው ግን የሚያየው የሙቀት ለውጥ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት፣ ምድጃን ወይም ድመት የምትሄድበትን መደርደሪያ ፊት ለፊት እንዲያይ ከተደረገ ይሳሳታል። የበር ማግኔት ደግሞ ከባድ የብረት በር በጊዜ ብዛት ሲዘም ከጥንዱ ይርቃል። ብረቱም ራሱ የማግኔቱን ጉልበት ስለሚቀንሰው ለብረት በር ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ማግኔት ያስፈልጋል። እነዚህን በካቻቢቴ ብቻ ማስተካከል ይቻላል።

የተደበቀ ስህተት እዚህም አለ፤ ሰውን አይገድልም እንጂ ቤቱን ያለ ጠባቂ ያስቀራል። ብዙ የደወል ሳጥን ውስጥ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ አለ። ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ከዚያም ያጥራል። ባትሪው ሲሞት መብራት እስካለ ድረስ ደወሉ ምንም አያሳይም። ቆጣሪያችን ግን ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ ነው ያለው፤ የሌባ የመጀመሪያ ሥራ ብሬከሩን ማውረድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፈተኛው ግልጽ ነው፤ ዋናውን ብሬከር አውርዶ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ በር ከፍቶ ደወሉ መጮሁን ማየት። በሲም ካርድ መልእክት የሚልከውም ሒሳቡ ካለቀ ወይም ሲሙ ከተዘጋ ዝም ይላል። አምፖል መስሎ መያዣ ላይ የሚታሰረው የዋይፋይ ካሜራ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ የነካ ሁሉ ያጠፋዋል፤ መብራት ሲሄድም ራውተሩ አብሮት ይሄዳል። በማግኔት የሚዘጋ በር የሚያዘው በኃይል ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ ይከፈታል፤ ለእሳት ማምለጫ ይህ መልካም ነው፣ ለግቢ በር ግን ባትሪ ወይም ተራ ቁልፍ አብሮት ያስፈልገዋል።

የይለፍ ቃልም እዚሁ ጎራ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ወደ 60 የሚጠጉ የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና ቃላትን ብቻ እየሞከረ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ማርኮ፣ በጥቅምት 21 የድረ ገጾችን አድራሻ በሚመራው ዲን በተባለ ኩባንያ ላይ አዘመታቸው፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም፤ ምስሉ እንደወትሮው ይታያቸው ነበር። ካሜራ የገጠመ ሠራተኛ ፋብሪካው የሰጠውን ቃል ሳይቀይር ከሄደ ሥራው አላለቀም፤ የቀየረውንም ቃል ከባለቤቱ ሌላ የሚያውቀው ሊኖር አይገባም። የመቅጃው ሰዓትም ይታይ። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስትሞት ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለው ይመለሳል። በውጭ የሰዓት አቆጣጠር ስለሚጽፍም ማታ 2 ሰዓት የተፈጸመ ነገር 20፡00 ተብሎ ይመዘገባል፤ ምስሉን ለፖሊስ የሚያስረክብ ሰው ይህን በግልጽ መናገር አለበት።

አጥርን በኤሌክትሪክ ማጠርን በተመለከተ ግን ድፍረት አያስፈልግም። በትክክል የተሠራ የኤሌክትሪክ አጥር በየሴኮንዱ ገደማ አንድ ጊዜ፣ ከሴኮንድ መቶኛ በማይበልጥ ቅጽበት፣ የጉልበቱ መጠን የተገደበ ምት የሚልክ ልዩ መሣሪያ አለው፤ ያስደነግጣል፣ ያባርራል፣ የያዘውም ሰው በምቶቹ መካከል እጁን ይለቃል። ከሶኬት በቀጥታ አጥር ላይ የተለቀቀ 220 ቮልት ግን ሌባንም፣ ኳሱን ሊያወርድ የወጣ ልጅንም፣ የባለቤቱን ቤተሰብም አይለይም። ሰው ከሞተ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስጠይቃል፤ እያወቀ ላደረገው ሰው ጉዳዩ ከዚያም ሊከብድ ይችላል።

ጀነሬተርን ሁለት ጫፉ መሰኪያ በሆነ ገመድ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘትም እንዲሁ ነው። ቤቱ ይበራል፤ ዋናው ብሬከር ካልወረደ ግን ኃይሉ ወደ ኋላ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ 15,000 ቮልት ይወጣል፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ያገኘዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያስገባ መቀየሪያ በባለሙያ ማስገጠም ግዴታ ነው።

ታዲያ የቤቱ ባለቤት በእጁ ምን ይያዝ? እጀታው የተለበጠ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ቴስተር፣ አንድ ርካሽ መልቲሜትር። ከመንካቱ በፊት ብሬከሩን ያወርዳል፤ ከቤት ሰው ማንም እንዳይመልሰው ይነግራል። ቴስተሩን ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ይሞክራል፣ ከዚያ የሚሠራበትን ይፈትሻል፣ ከዚያ እንደገና ኃይል ያለው ላይ ይሞክራል፤ ቴስተሩ መሀል ላይ ቢሞት እንዳያታልለው ነው። ማይክሮዌቭ አይከፍትም፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ይገድላል። እሳት ከተነሣ ኃይሉን ሳይቆርጥ ውኃ አይደፋም፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

ባለሙያ ሲጠራም ዝም ብሎ አይመለከት። ከተግባረ ዕድም ሆነ ከሌላ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ወጥቶ ሲኦሲ የተባለውን የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ወረቀቱን ለማሳየት አያፍርም። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ግራውንዱን በመለኪያ አሳየኝ፤ አርሲዲውን ፊቴ ጫነው፤ በብሬከር ሳጥኑ ላይ የትኛው የትኛውን እንደሚቆርጥ በአማርኛ ጻፍልኝ። እነዚህን የማያደርግ ሠራተኛ ክፍያው ዝቅ ቢል እንኳ ተወደደ።

የሚከብደው የተከራይ ነገር ነው። ግድግዳው የእሱ አይደለም፤ የሚነዝረው ፍሪጅ ግን የእሱ ልጆች የሚነኩት ነው። አከራይ «አንተው አሠራው» ይላል፣ ተከራይ «ነገ ለምወጣበት ቤት» ይላል፣ ሶኬቱ እንደጠቆረ ይቆያል። እንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራዮች የቤታቸውን ኤሌክትሪክ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ በባለሙያ እንዲያስፈትሹ በደንብ አስገድዳለች። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ ይመዘገባል። ለምዝገባው ከሚቀርቡት ወረቀቶች ጋር አንዲት ገጽ ብትጨመር እላለሁ፦ ግራውንድ አለ ወይስ የለም፤ አርሲዲ ሠራ ወይስ አልሠራም፤ የየብሬከሩ መጠን ከሽቦው ጋር ተስማማ ወይስ አልተስማማም፤ የለካው ሰው ስምና የብቃት ማረጋገጫ ቁጥር። ለአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ይህን መለካት የአንድ ባለሙያ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ወጪው የአከራዩ፣ ቅጂው የተከራዩ ይሁን።